ጦጣዋም ድድ አላት

እንደምን አረፈዳችሁ፣ እናቶች፣ አባቶች፣ የጀልባ ልጆች፣ ተማሪዎች!

ጣና ዳር ነንና ሙዝ የያዘ ሰው ጠበቅ አድርጎ ይያዝ። ዛፉ ላይ ካሉት ጦጣዎች ጋር ዛሬ ጉዳይ አለኝ። ጦጣ ስታዛጋ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ክራንቻዋ ያስደነግጣል። ቢቆጠር ግን የአዋቂ ጦጣ ጥርስ እንደኛው 32 ነው። ድዷም እንደኛው ይታመማል።

ስለ ድድ በሽታ ብዙ የታወቀውም በጦጣ ነው። ተመራማሪዎች ማካክ በሚባሉ የእስያ ጦጣዎች ጥርስ ዙሪያ፣ ልክ ድዱ ጠርዝ ላይ፣ ክር አሰሩ። ክሩ ቆሻሻ ያዘ። በቆሻሻው ውስጥ ባክቴሪያ ተራባ። ድዱ አበጠ፣ ደማ። ውሎ አድሮ ጥርሱን የያዘው አጥንት መበላት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣ ጥናት ደግሞ አንዲት ባክቴሪያ ጦጣዎቹ አፍ ውስጥ ስትገባ አጥንቱ ሲጎዳ ታየ። ዛሬ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ ትባላለች። ስሟን ተዉት፣ ጠባይዋን ያዙ። አየር አትወድም። በጥርስና በድድ መሃል ያለችው ኪስ ውስጥ መሸጎጥ ነው የምትፈልገው። የጤነኛ ሰው ኪስ ከ3 ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም። ከዚያ ከጠለቀ ብሩሽም መፋቂያም አይደርስባትም።

ጦጣዎቹ ያሳዝኑኛል። የእኛን ድድ ለማወቅ ነው የተሰቃዩት።

እኛስ ድዳችን ሲደማ ምን እናደርጋለን? መፋቅ እናቆማለን! እኔም ተማሪ ሳለሁ «ትንሽ ይረፍ» ብዬ ተውኩት። ያረፈው ባክቴሪያው ነው። ጓደኞቼ ራቅ ብለው ማውራት ጀመሩ። አብዛኛውን ጊዜ ድድ የሚደማው ጠርዙ ላይ ቆሻሻ ስለተቀመጠ ነው። እዚያው የሚደማው ቦታ ላይ፣ በለስላሳ ብሩሽ፣ ቀስ ብላችሁ አጽዱት። መፋቂያም ይሆናል፣ ጫፉ ታኝኮ ከለሰለሰ።

ድዳችሁን የተነቀሳችሁ እናቶች፣ ውበቱስ ውበት ነው። ግን ጥቁሩ ቅላቱን ይሸፍነዋል። ደሙን አይሸፍነውም፤ ስትተፉ ምራቁን እዩት።

እንደ ድንጋይ የደረቀው ቆሻሻ በብሩሽ አይለቅም፣ ሐኪም ዘንድ መታጠብ አለበት። «ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል» ትሉኛላችሁ። ታጥቦ የተነቃነቀ ጥርስ ድሮውንም አጥንቱ ተበልቶ፣ ድንጋዩ ደግፎት የቆመ ነው።

ከዚያ ዋርካ ሥር ወንበር አስቀምጫለሁ። መስታወትና ባትሪ ይዣለሁ። የሚደማው ሰው ይምጣ፣ ልየው። ጦጣ ግን አልመረምርም፤ ትነክሳለች።