ጫካ በሸክላ ድስት

እንደምን ሰነበታችሁ ወዳጆቼ። ዛሬም ከጅማ ነው፤ ዛሬም ዝናብ ነው። የቆርቆሮው ድምፅ ከእኔ ድምፅ በላይ ከተሰማችሁ ይቅርታ፤ በሐምሌ ጅማ ላይ ድምፅ መቅዳት ከጣሪያ ጋር መከራከር ነው።

(ካሜራው ወደ ጠረጴዛው ይጠጋል)

ይህን ተመልከቱልኝ። ሸክላ ድስት ነው። አፉ ስንዝር ተኩል፣ ጥልቀቱ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ጠርዙ ተሸርፏል፤ ወጥ መሥራት ካቆመ ዓመት አልፎታል። ውስጡ ግን ጫካ አለ። ኮረብታ አለ። በኮረብታው ሥር የምትጠማዘዝ መንገድ አለች። በመንገዷ ጫፍ ደግሞ ከአውራ ጣቴ ጥፍር የማይበልጥ ባለ ሦስት እግር በርጩማ አለ። የጅማ በርጩማ ነው፤ በርጩማ የሚቀርጽ አንድ ወዳጄ ከዋንዛ ቁራጭ የሠራልኝ። ማን እንዲቀመጥበት እንደሆነ እኔም አላውቅም። ግን በየጠዋቱ ቡናዬን ይዤ እመጣና ሰው መጥቶ እንደሆነ አያለሁ።

ጓሮን በድስት ውስጥ መሥራት ደስታው ምኑ ላይ ነው ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ ደስታው እዚህ ላይ ነው። ትልቅ ጓሮ ያለው ሰው ጓሮውን አያይም፤ የሚያየው አረሙን፣ የተሰበረውን አጥር፣ የጎረቤቱን ፍየል ነው። ትንሿን ጓሮ ግን በአንድ እይታ ሙሉውን ታያታላችሁ። ያቺን ግራጫ ድንጋይ አያችኋት? አሥራ አንድ ጊዜ አንቀሳቅሻታለሁ። ቆጥሬአለሁ። በመጨረሻ ሲሶዋን አፈር ውስጥ ቀበርኳት፤ ያን ጊዜ ድንጋይ መሆኗን ትታ ተራራ ሆነች። መንገዷንም እዩ፤ ከፊት ሰፋ፣ ወደ ኋላ ጠበብ እያለች ነው የምትሄደው። ዓይን በዚህ ይታለላል፤ አንድ ስንዝር የነበረው ርቀት የግማሽ ቀን መንገድ ይመስለዋል።

አሁን ወደምወደው ምሳሌ ልግባ። ከዚህ በፊት የሰማችሁ ታገሡኝ፤ ይህን ምሳሌ ሳልናገር ያለፍኩት ቪዲዮ የለም፤ ወደፊትም አይኖርም።

ከጅማ ወደ ቦንጋ ስትሄዱ «በለጠ» የሚባለውን ደን ታገኛላችሁ። ከመኪና ውረዱና ግቡ። መጀመሪያ የሚደክማችሁ አንገታችሁ ነው። ላይ ቀረሮው አለ፤ ግንዱን በዓይን ተከትሎ ጫፉ ላይ ለመድረስ ባርኔጣ መያዝ ያስፈልጋል። ከእርሱ ዝቅ ብሎ ዋንዛው፣ ብርብራው። ከእነርሱ በታች ቡናው፤ ማንም ሳይተክለው የበቀለ፣ ቀጭን፣ ብርሃን ፍለጋ አንገቱን ያሰገገ። ከቡናው በታች ኮረሪማው። ከኮረሪማው በታች ፈርኑ፤ ያ ቅጠሉ ላባ የሚመስለው። ከፈርኑ በታች ደግሞ እግራችሁ የሚሰምጥበት የበሰበሰ ቅጠል። ከላይኛው ያመለጠችውን ብርሃን የታችኛው ይቀበላታል፤ ከእርሱ ሾልካ ያለፈችውን ደግሞ ቀጣዩ። የላይኛው ቅጠሉን ያረግፋል፤ የታችኛው ይበላዋል። ፎቅ በፎቅ ነው። ማንም ኪራይ አይከፍልም፤ ማንም ደግሞ ያለ ፎቁ አይኖርም።

አሁን ወደ ድስቱ ተመለሱ። ያው ነው። ከታች ድንጋይ ላይ የሚበቅለው፣ እንደ ምንጣፍ የለሰለሰው አረንጓዴ ነገር አለ፤ በክረምት ከጅማ አጥር ሁሉ ላይ በማንኪያ ይነሣል። ከእርሱ በላይ ሦስት ትንንሽ ፈርኖች። ከሁሉም በላይ የቡና ችግኝ። በደኑ ውስጥ ቡና ሁልጊዜ ከትልልቆቹ በታች ነው። በእኔ ድስት ግን ተሹሟል፤ ቀረሮ ሆኗል። ችግኙ ሲያድግ ሥሩ ድስቱን ስለሚሞላው ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ጓሮ ይወርዳል። ሹመት እንደሆነ ዘላቂ አይደለም።

(ካሜራው ወደ ችግኙ ይጠጋል)

ይህችን ቀረብ ብላችሁ እዩ። ከቀይ እሸት የወጣች ትኩስ ፍሬ ናት፤ ሁለት ወር ገደማ አፈር ውስጥ ተኝታ ከረመች። ተስፋ ቆርጬ አፈሩን ልገለብጥ ስል አንገቷን እንደ መንጠቆ ቆልምማ ወጣች። ፍሬዋን ከነገለፈቱ በራሷ ላይ ተሸክማ ነበር፤ የራስ ቁር ያደረገች ወታደር ትመስል ነበር። በኋላ ቁሩን ጣለችው፤ ሁለት ክብ ቅጠሎች እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ተዘረጉ። የተቆላ ቡና ተክላችሁ «አልበቀለም» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ወንድሜ፣ አንጀቴን በልታችሁታል፤ ግን አይበቅልም።

ሳልረሳው፤ የሌላውን ዓለም ቡና ታሪክ ስታነቡ የብርጭቆ ሣጥን ታገኛላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1720ዎቹ ደ ክሊዩ የሚባል ፈረንሳዊ መኮንን አንዲት የቡና ችግኝ በብርጭቆ ሣጥን አድርጎ ወደ ማርቲኒክ ደሴት ተሳፈረ። በመርከቡ ላይ ውኃ ሲያጥር የራሱን ድርሻ ለችግኟ አካፍሏት እንደነበር ጽፏል። መነሻው የእኛው ደቡብ ምዕራብ ጫካ የሆነ ተክል፣ በአንድ ሰው ብርጭቆ ውኃ አትላንቲክን ተሻገረ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ለድስቴ ውኃ ማጠጣት ረስቼ አጋሮ ሄጄ አድሬ አውቃለሁ።

እሺ፣ ወደ አሠራሩ። ባለፈው ቪዲዮ ስላየነው በፍጥነት ልለፈው። ድስቱን አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት፤ በማግስቱ ታቹን በመሰርሰሪያ ቀስ ብላችሁ ብሱት። ቀዳዳው ላይ የወንፊት ቁራጭ። ሁለት እጅ የበሰበሰ ቅጠል አፈር፣ አንድ እጅ ሸካራ አሸዋ። ድንጋዩን አስቀድሙ፣ ተክሉን አስከትሉ። ጥላ የሚወደውን ከጥላ ወዳጁ ጋር፤ ጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠልና እንዳሁላ ፀሐይና ደረቅ ስለሚወዱ ለብቻቸው በሌላ ድስት። አለቀ።

አላለቀም። ምክንያቱም አሁን «ጠጠሩስ?» ልትሉኝ ነው። ከእያንዳንዱ ቪዲዮ በኋላ ይህ ጥያቄ ይመጣል። «ከታች ጠጠር ካልተደረገ ውኃ እንዴት ይወርዳል? እናቴም አያቴም ጠጠር ያደርጉ ነበር።» የእኔም እናት ታደርግ ነበር። እጇን እስማለሁ፤ በጠጠሩ ግን አልስማማም።

ስፖንጅ አምጡ። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ። ውኃ ውስጥ ንከሩት፣ አትጭመቁት፤ በጠፍጣፋው አግድማችሁ ያዙት። ይንጠባጠባል፣ ይንጠባጠባል፣ ያቆማል። አቆመ? አሁን በቁመቱ አቁሙት።

(ስፖንጁ በቁመቱ ሲያዝ እንደገና ይንጠባጠባል)

አያችሁ! ያው ስፖንጅ፣ ያው ውኃ። የተለወጠው ከፍታው ብቻ ነው። አፈርም እንዲሁ ነው፤ ከታቹ ሁልጊዜ ውኃ የጠገበ ንብርብር ይይዛል። ከሥሩ ጠጠር ስታስገቡ ውኃው ከደቃቁ አፈር ወደ ሰፋፊው የጠጠር ክፍተት በቀላሉ አይወርድም፤ አፈሩ እስኪጠግብ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቆያል። ስለዚህ ረግረጉን አላጠፋችሁትም፤ ከፍ አድርጋችሁ ለሥሩ አቀረባችሁለት። የአፈሩንም ቁመት ቀነሳችሁ፤ ስፖንጁን አጋደማችሁት ማለት ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም፤ በምጣድ ነው የተማርኩት። የመጀመሪያ ጓሮዬን የሠራሁት በተሰነጠቀ ምጣድ ላይ ነበር። ውብ ነበር! ከታች ጠጠር አነጠፍኩ፤ በላዩ ሁለት ጣት አፈር፤ በአፈሩ ላይ እንዳሁላ። በሦስት ሳምንት እንዳሁላው ከግርጌው እንደ ተቀቀለ ድንች ለሰለሰ። የተጋደመ ስፖንጅ ላይ ተክዬው ነበር። ጠጠር ከወደዳችሁ ከላይ አድርጉት፤ መንገድ ይሁናችሁ።

የምጣዱን ነገር ካነሣሁ አይቀር፣ የተረፈውን ማን እንደ ጨረሰው ልንገራችሁ። ጎረቤቴ እማማ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው «ልጄ፣ ይህ የዶሮ ምሳ ነው?» አሉኝ። «አይደለም እማማ፣ የአትክልት ቦታ ነው» አልኳቸው። «ኧረ እንዲያ ነው!» ብለው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ዶሯቸው መጥታ የእርሳቸውን ሐሳብ አጸናች። ከዚያ ወዲህ ጓሮዬ ጠረጴዛ ላይ ነው።

የቻናሉ ቤተሰብ ያልሆናችሁ ቤተሰብ ሁኑ፤ ደወሏንም ተጫኑ። ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ወርጄ ለሚቀጥለው ቪዲዮ ሌላ ድስት እፈልጋለሁ፤ የተሸረፈውን ስጠይቅ ሻጮቹ የሚያዩኝን አስተያየት እቀርጽላችኋለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ዛሬ ጠዋት ቡናዬን ይዤ ስመጣ በርጩማው ላይ እንግዳ አገኘሁ። ቀንድ አውጣ ነው፤ ቤቱን በጀርባው አድርጎ ተደላድሎ ተቀምጧል። ደስ ብሎኝ ስልኬን ሳወጣ የቡናዬን ቅጠሎች አየሁ። ከሁለቱ ክቦች አንዱ ግማሽ ሆኗል።