ሲመለሱ ይቀርባል?

እሺ፣ ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ እህቴ ጉዞ አላወራም ብዬ ነበር። ግን እማዬ ያለችው ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ።

ሻንጣው ተመዘነ፣ በርበሬው ተቀነሰ፣ ተመልሶ ገባ። የእማዬን ሚዛን መቼም ታውቁታላችሁ። ከድሬ ቦሌ በአየር አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ እሱ አላስጨነቃትም። ያስጨነቃት ከዛ ወዲያ ያለው ነው።

ማታ በረንዳ ላይ ነን። የከዚራ ሙቀት ገና አልበረደም። አውሮፕላኑን በስልኬ እየተከታተልን ነው። ምልክቷ ሱዳን ላይ ደርሳለች። እማዬ በጣቷ ስትነካት ካርታው ሸሸ። የጋለ ድስት የነካች ይመስል እጇን ሰበሰበች።

«ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?»

«ሲሄድ መሃል ላይ ነዳጅ ለመሙላት ያርፋል፣ 17 ሰዓት ገደማ። ሲመለስ ግን በቀጥታ ነው፣ 13 ሰዓት ገደማ።»

ዝም አለች። ከዛ ቀስ ብላ፣ «ሲመለሱ ይቀርባል ማለት ነው?»

እኔም ማስረዳት ጀመርኩ። ርቀቱ ያው ነው፣ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም አቅም ያንሳቸዋል። ነዳጅ ጢም አድርጎ ሞልቶ መነሳት ይከብዳል። የዋሽንግተኑ 100 ሜትር እንኳን አይሞላም፣ ስለዚህ ሞልቶ ይነሳል። በዛ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የላይኛው ንፋስ አለ፣ ጄት ስትሪም የሚሉት። ከኋላ ይገፋዋል።

ሁሉም እውነት ነው። ግን እሷ የጠየቀችኝ ይሄንን ነበር? «ሲመለሱ» ነው ያለችው እኮ። «ሲመለስ» አላለችም።

አያቴ ምድር ባቡር ነበር የሚሠሩት። ባቡሩ ከጅቡቲ ድሬ የገባው በ1895 ዓ.ም. ነው፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909። አቦ፣ ዛሬ በአንድ ሰዓት ለምንበርራት መንገድ 14 ዓመት! አያቴ ርቀትን የሚቆጥሩት በጣቢያ ነበር፤ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ። እማዬ ያደገችው በዚህ ቆጠራ ነው። የሄደ ሰው አሁን የት እንደደረሰ ይታወቃል። ውቅያኖስ ላይ ምን ብላ ትቁጠር? «ዓለም መንደር ሆናለች» የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። የማን መንደር? ቪዛ ያለው ሰው መንደር ነው።

እና ደግሞ... የእህቴ ቲኬት የመሄጃ ብቻ ነው። ዲቪ ነው፣ ታውቃላችሁ። እማዬም ታውቃለች።

«አዎ፣ ይቀርባል» ብላት ውሸት አይሆንም ነበር። በሰዓት ከተቆጠረ 4 ሰዓት ይቀርባል። ግን ቀጥላ «ታዲያ መቼ?» ትለኛለች። እሱን የምትመልሰው እህቴ ናት። እሷም ገና ሥራ ሳትይዝ፣ እንዴት አድርጋ... እንጃ። ምናልባት እማዬ ስለ አውሮፕላኑ ብቻ ነው የጠየቀችው። ምናልባት።

የላካችሁልኝን የድምፅ መልእክቶች ዛሬ አላሰማም፣ ሳምንት እናደርገዋለን። ወይም...