ማክሰኞ ንጋት ሄዳችሁ እዩት

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ስለ ቤት ላወራችሁ ነው። ስለ ዉድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ።

ለማታውቋት፣ ዉድብሪጅ ከዋሽንግተን ዲሲ በስተደቡብ፣ 95 የሚባለው አውራ ጎዳና ዳር ናት። እኛ ከተማ እንላታለን እንጂ በወረቀት ከተማ አይደለችም። ከንቲባ የላትም፤ የምትተዳደረው በፕሪንስ ዊልያም ካውንቲ ነው። ጠዋት ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ ማታ ይመለሳል።

እኔና ባለቤቴ ለዲሲ ቀረብ ባለችው አሌክሳንድሪያ ስምንት ዓመት ተከራይተን ኖረናል። ሁለተኛዋ ልጃችን ስትወለድ ቤቱ ጠበበን። በ2023 ጸደይ ላይ ፍለጋ ጀመርን። እዚያው አሌክሳንድሪያ ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። ወደ ደቡብ በወረድን ቁጥር ግን ዋጋው ቀለል፣ ቤቱ ሰፋ እያለ ይመጣል።

ይቺን ቤት ያየናት እሁድ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ባለ ሦስት ፎቅ ታውንሃውስ ናት፣ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የምትጋራ ቤት። ልጆቹ ደረጃውን ሽቅብ ቁልቁል ይሮጣሉ። ባለቤቴ ኩሽናው መስኮት ሥር ቆማ፣ «ረከቦቱ እዚህ ጋ ይቀመጣል» አለች። በቃ፣ ቤቱን የገዛነው ያኔ ነው። መንገዱም የፈጀብን 35 ደቂቃ ነበር።

ስለ ብድሩ ትንሽ ልበል። ጓደኛዬ በ2021 የወሰደው ከ3 ከመቶ በታች በሆነ ወለድ ነው። እኛ ስንደርስ ከ6 አልፏል። ልዩነቱን በቁጥር እዩት። 400,000 ዶላር ለ30 ዓመት ተበድራችሁ እንበል። በ3 ከመቶ ወርሃዊው 1,686 ዶላር ገደማ ነው። በ6 ተኩል 2,528 ይሆናል። ታክሱ፣ ኢንሹራንሱና የኤችኦኤው፣ ማለትም የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር መዋጮ፣ ገና አልተጨመሩም። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ደግሞ 2,167ቱ ወለድ ነው። ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 361 ዶላር ብቻ። የእኛን የክፍያ ሠንጠረዥ የሰጡን ቀን ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

የወሰድነው የኤፍኤችኤ ብድር ነው፤ ኤፍኤችኤ የቤት ብድር ዋስ የሚሆን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ቅድመ ክፍያው 3.5 ከመቶ ይበቃል። በምትኩ የብድር ኢንሹራንስ አለው። ቅድመ ክፍያችሁ ከ10 ከመቶ በታች ከሆነ፣ ያ ኢንሹራንስ ብድሩ እስኪያልቅ አይለቃችሁም። ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቅድመ ክፍያውን ያገኘነው ከእቁብ ነው። ሃያ ሰዎች ነን፣ በወር አንድ አንድ ሺህ ዶላር። ዕጣው ሲወጣልን 20,000 ዶላር ባንክ አስገባን። ትንሽ ቆይቶ የብድር ባለሙያዋ ደወለች። «ይህ ገንዘብ ከየት መጣ?» እቁብን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ጀመርኩ። ብድር አይደለም፣ ስጦታ አይደለም፣ ሎተሪም አይደለም። እሷ ዝም። እኔም ላብ በላብ።

ለካ መልሱ ኤፍኤችኤ ራሱ መመሪያ ውስጥ አለ። የግል የቁጠባ ማኅበር ብለው ይቀበሉታል። የሚፈልጉት ማስረጃ ነው፤ የመዋጮ መዝገብ፣ ደረሰኝ፣ የገንዘብ ያዡ ደብዳቤ። ዕጣችሁን ወስዳችሁ ገና የምትከፍሉት ዙር ካለ ደግሞ እንደ ዕዳ ይቆጥሩታል። የእቁባችን ጸሐፊ፣ እግዜር ይስጠው፣ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ማን መቼ እንደከፈለ በአንዲት ሰማያዊ ደብተር ጽፎ ይዟል። ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ ላከልን። ያቺ ደብተር ባትኖር ዛሬ እዚህ ቤት አልቀመጥም ነበር። እቁብ የምትጥሉ ሰዎች፣ እባካችሁ በጽሑፍ ያዙ። በቃል ብቻ አይሁን።

ቁልፉን የተረከብን ቀን አዲስ አበባ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«ካርታው በስምህ ወጣ?»

«አዎ እማዬ፣ ግን ዕዳ አለበት። በየወሩ እከፍላለሁ።»

«ለስንት ዓመት?»

«ለሠላሳ።»

ዝም አለች። ከዚያ፣ «እንግዲህ ዕድሜ ይስጥህ» አለችኝ። ይህን ምርቃት እንደዚያን ቀን ከልቤ አሜን ብዬው አላውቅም።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። ክሪስታል ሲቲ ነው የምሠራው፣ ፔንታጎን አጠገብ። ያቺ 35 ደቂቃ አንድ ሰዓት ከሃያ ሆነች። ማታ ደግሞ ከዚያ ባሰች። ኤክስፕረስ ሌይኑ፣ የሚከፈልበት ፈጣን መስመር፣ አለ፤ ግን ክፍያው በትራፊኩ ልክ ይወጣል ይወርዳል፤ በየቀኑ አልችለውም። ባቡሩም ጥሩ ነው፣ ቪአርኢ። ከእኔ የሥራ መውጫ ሰዓት ጋር ግን አልገጥም አለኝ።

ያዳነኝ ስለግ ነው፤ ከማያውቁት ሰው ጋር በነጻ ተሳፍሮ መሄድ። እንዲህ ነው የሚሠራው። መኪና ውስጥ ሦስት ሰው ከሆናችሁና ኢዚ ፓስ ፍሌክስ የሚባለው የክፍያ መሣሪያ ካለ፣ ኤክስፕረሱ ነጻ ነው። ስለዚህ ባለ መኪናው ሁለት ሰው ይፈልጋል። እኛ ተሳፋሪዎቹ ሆርነር ሮድ ፓርኪንግ ላይ በጨለማ እንሰለፋለን። መኪናው ይቆማል፣ መስኮቱ ዝቅ ይላል፣ «ፔንታጎን!» ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ይገባሉ። ገንዘብ የለም። ባለ መኪናው ካላወራችሁ ወሬም የለም። ይህ ነገር በፈረንጆቹ ከ1970ዎቹ ጀምሮ አለ፤ መሥሪያ ቤት አላቋቋመውም፣ ሕዝቡ ራሱ ነው የፈጠረው። እንደኔ የታክሲ ረዳት «ጠጋ ጠጋ በሉ» በሚልበት አገር ላደገ ሰው ዝምታው መጀመሪያ ይከብዳል።

አንድ ጠዋት የገባሁበት መኪና መስታወት ላይ የእንጨት መስቀል ተንጠልጥሏል። ሰውዬው ዞር ብሎ አየኝ። «አበሻ ነህ?» ዝምታው ተሰበረ። ከስታፎርድ ነው የሚመጣው፣ ከእኔም ርቆ። ቤቱ ትልቅ ነው፣ ምድር ቤትም አለው። ልጁ አራት ዓመቱ ነው። «ስወጣ ተኝቷል፣ ስገባ ተኝቷል» አለኝ። «አሁን ቅዳሜ ጠዋት ሲያየኝ ሮጦ ወደ እናቱ ነው የሚሄደው።» ፔንታጎን ደርሰን ስወርድ እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ነበር።

ያን ቀን የራሴን ቆጠርኩ። በቀን ሦስት ሰዓት፣ በሳምንት አሥራ አምስት። የቤቱ ዋጋ ስንል ይሄም አለበት። ስንደራደር ግን ማንም አላነሳውም፤ እኔም አላነሳሁትም። ቤቴን እወደዋለሁ፣ ረከቦቱም የተባለው ቦታ ተቀምጧል። ግን ያቺን እሁድ ብመልሳት፣ ከመፈረሜ በፊት ማክሰኞ ንጋት መጥቼ መንገዱን እሄደው ነበር። ምናልባት አነስ ያለ፣ ቀረብ ያለ ቤት እንመርጥ ነበር።

አብሮኝ የሚያስቀድስ ወንድሜ በዚህ ሳምንት ስታፎርድ ቤት ሊፈርም ነው። አየው፣ ወደደው፤ ያየውም እሁድ ነው። ለምኜ አንድ ቀን አስታገስኩት። ነገ ማክሰኞ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ያ ቤት በር ላይ እንገናኛለን። ሁለታችንም እስከ መሥሪያ ቤቱ በየመኪናችን እንነዳለን። ቡናውን በፔርሙስ እኔ ይዤ እሄዳለሁ።