እፉኝት ስትዪ የትኛዋን?

ሰላም፦ ከድሬዳዋ እንደምን ሰነበታችሁ? ነቢል ዛሬ ከሐረር የወረደው ስለ እባብ ሊያወጋን ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ እፉኝት ልረግጥ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ እስከ ዛሬ የወደቀ ገመድ ያስደነግጠኛል።

ነቢል፦ እፉኝት ስትዪ የትኛዋን?

ሰላም፦ እፉኝት አንድ አይደለችም እንዴ?

ነቢል፦ አይደለችም! አንቺ ያየሻት ወፍራሟን፣ ስትቆጣ ተነፍታ የምታፏጨውን ነው። እሷ በአብዛኛው አፍሪካ አለች። ቢቲስ በሚባለው ወገኗ ውስጥ ግን ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኙ ሁለት የደጋ እፉኝቶች አሉ። የመጀመሪያዋን ቮልፍጋንግ ቦመ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ በ1977 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለሳይንስ አስተዋወቃት። ናሙናዋ የተገኘው ኢሉባቦር ውስጥ፣ በመቱና በበደሌ መካከል ነው። ፓርቪኦኩላ ብሎ ሰየማት፤ በላቲን ዓይነ ትንሽ ማለት ነው።

ሰላም፦ ከእኛዋ ጋር እህትማማች ናቸው?

ነቢል፦ የአክስት ልጆች በያቸው። ተመራማሪዎች የሚመድቧት ከጋቦን እፉኝት ጋር ነው፤ ከጫካ ነዋሪዎቹ።

ሰላም፦ ሁለተኛዋስ?

ነቢል፦ እኔን የሚያስደንቀኝ የእሷ ታሪክ ነው። ለአስርት ዓመታት ሙዚየም ውስጥ የተቀመጠ አንድ ናሙና ነበር። ተመራማሪዎች የሰውነቷን መልክና የጭንቅላቷን ቅርጽ ከኢሉባቦሯ ጋር አስተያዩ፤ ባሌ ውስጥ በሕይወት የተነሣችውንም ፎቶግራፍ ተመለከቱ። ጥቁር ናት፣ ፈዘዝ ባለ ቢጫ የተጌጠች። በዚያው አቆጣጠር በ2016 ራሷን የቻለች ዝርያ ናት ብለው በሐረና ደን ስም ሰየሟት። ከሰያሚዎቹ አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው ቦመ! ከ39 ዓመት በኋላ።

ሰላም፦ የራሱን ሥራ እንደገና ፈተሸው ማለት ነው።

ነቢል፦ አዎ፤ ይህን ነው የማከብረው። ደግሞ ካርታውን ተመልከቺ፦ ኢሉባቦር ከስምጥ ሸለቆው በስተምዕራብ ነው፣ ባሌ ከእኛ ከሐረርጌ ደጋ ጋር በስተምሥራቅ። ለደጋ እባብ ያ ቆላ እንደ ባሕር ነው። ሁሉንም እፉኝት ብለን ስናልፍ፣ አንድ ደን ሲመነጠር የትኛዋ እንደጠፋች እንኳን መናገር አንችልም።

ሰላም፦ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አያቴ የእፉኝት ልጆች የእናታቸውን ሆድ ቀድደው ይወጣሉ ትል ነበር።

ነቢል፦ ሐረርም እንዲሁ ይባላል። አንቺ ያየሻት ወፍራሟ እፉኝት እንቁላል አትጥልም፤ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 የሚደርሱ ልጆች በሕይወት ትወልዳለች፣ እናትየዋም ትተርፋለች። ሰው ያረገዘችዋን በገጀራ ሲመታት ልጆቿ እየተንቀሳቀሱ ሲወጡ አይቶ ይመስለኛል ታሪኩን የጀመረው። ሆዷን የቀደደው ገጀራው ነው፣ ሰላም፤ ልጆቿ አይደሉም።