የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ፊትና ኋላዋ የማይለየው ያኑስ

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ከፊትም ከኋላም በር ያላት፣ ተሳፋሪዎቿ ጀርባ ለጀርባ የሚቀመጡባት አሮጌ መኪና በፎቶ አየሁ። ምንድን ናት?

መልስ፦ ሱንዳፕ ያኑስ ናት፤ በ1957 እና በ1958 እ.ኤ.አ. ጀርመን፣ ኑረምበርግ ውስጥ የተሠራች። ስሟ የተወሰደው ሁለት ፊት ካለው የሮማውያን አምላክ ነው። ሱንዳፕ የሚታወቀው በሞተር ሳይክል ነበር። ጀርመኖች ኑሯቸው ሲሻሻል ዝናብ የማያስገባ ነገር ፈለጉና የሞተር ሳይክል ገበያ ወደቀ። ንድፉ የመጣው ዶርኒየር ከተባለው የጀርመን አውሮፕላን ሠሪ ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውሮፕላን እንዳይሠራ በተከለከለበት ዘመን ዴልታ የተባለ የመኪና ናሙና ሠርቶ ነበር። ሞተሩ በሁለቱ ወንበሮች መሃል ተቀምጧል። ወንበሮቹ ሲዘረጉ አልጋ ይሆናሉ።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ያልተሸጠችው ሰው ወደ ኋላ እያየ መሄድ ስላልወደደ ነው?

መልስ፦ እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትድን ነበር። ዋናው ችግር ጉልበት ነው፦ 245 ሲሲ፣ ባለ አንድ ፒስቶን፣ ባለ ሁለት ምት (ዘይቱ ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ የሚገባበት) ሞተር፤ 14 የፈረስ ጉልበት። መኪናዋ ባዶዋን 425 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፤ አራት ሰው ሲጨመር ዳገት ላይ ምን እንደምትሆን የድሮ ባጃጅ የነዳ ያውቃል። በሜዳ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ትደርሳለች። ሞተሩን ከ250 ሲሲ በታች ያደረጉት በከንቱ አልነበረም፤ በሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ እንድትነዳ ነው። ግን ጎጎሞቢል የተባለ ሌላ የጀርመን ትንሽ መኪና ከ1955 ጀምሮ ያንኑ ደንበኛ ይዞት ነበር፣ በ1957 ደግሞ ፊያት 500 መጣች። በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት የተሠሩት 1,731 ብቻ ናቸው፤ በጠቅላላው 6,902። ፋብሪካው ለቦሽ ተሸጠ።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ ሞተሯ የተያዘ (ደርቆ አልዞር ያለ) ያኑስ ልገዛ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ መስታወቱና በሮቹ የተሟሉ መሆናቸውን ይዩ፤ ከሌላ ሞዴል የሚገጥም አያገኙም። ከዚያ ወለሉን ከስር በመፍቻ እጀታ እያንኳኩ ዝገቱን ይፈትሹ። ሞተር መታደስ ይችላል፤ የበሰበሰ ወለል ግን ኪስ ያራቁታል።

በግፊ ለማስነሳት በፍጹም እንዳይሞክሩ። ካንዴላውን (እሳት ሰጪውን) ፈትተው ሁለት የሾርባ ማንኪያ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት በቀዳዳው ያፍስሱ፤ ሁለት ሦስት ቀን ይተዉት፤ ከዚያ ኮሎውን (ፒስቶኑን የሚያንቀሳቅሰውን የሞተር ዘንግ) በእጅ ወዲያና ወዲህ ቀስ እያሉ ያወዛውዙ። ቢላቀቅም ወዲያው አያስነሱ። የኮሎው የጎማ ማኅተሞች በእድሜ ይደርቃሉ፤ በዚያ በኩል አየር ሲገባ የቤንዚኑ ድብልቅ ይሳሳል፣ ፒስቶኑም ግሎ ይጣበቃል። እነሱን ይቀይሩ፤ ታንከሩንና ካርቡራተሩን ይጠቡ፤ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) በጥላሸት ተደፍኖ እንደሆነም ይዩ። በዚያ ዘመን የተለመደው ድብልቅ 1 ለ 25 ነው፤ ለ10 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ዘይት።

ረጅም ቁልቁለት ላይ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው አንስተው በማርሽ ብቻ አይውረዱ። ዘይቱ የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ፣ ሞተሩ እየተሽከረከረ ቅባት ያጣል። በየጊዜው ትንሽ ነዳጅ ይስጡት።