ሰውነቴ ለመደው

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ ታላቅ እህቴ ነው። አስፈቅጃታለሁ። «ንገሪያቸው፣ ስሜን ግን ተይው» ብላኛለች።

እህቴ የምትኖረው ከደምበጫ ወጣ ብሎ ገጠር ውስጥ ነው። ሁለት ልጆች ከወለደች በኋላ እርግዝና የሚከላከለውን የሦስት ወር መርፌ ጀመረች። ስድስት ዓመት ምንም ሳይገጥማት ተጠቀመች። በሰባተኛው ዓመት አረገዘች። ያን ቀን ደውላ ያለችኝን አልረሳውም። «አንቺ፣ መድኃኒቱን ሰውነቴ ለመደው መሰለኝ።»

ይህን ቃል እኔም ስሰማው ነው ያደግሁት። ቡና ላይ ይባላል፣ ለቅሶ ቤት ይባላል፣ ገበያ መንገድ ላይ ይባላል። ሲቆይ ሰውነት ይለምደዋል፣ ከዚያ አይሠራም ይባላል። እኔም አምኜው ነበር። ስለዚህ በስልክ ምንም አላልኳትም፤ አብሬያት አዘንኩ እንጂ።

ልጁ ተወለደ። በሐምሌ ለክርስትናው ሄድኩ። ዝናቡ አላስወጣ ስላለን እሳት ዳር ቁጭ ብለን ማውራት ጀመርን። የቀጠሮ ካርዷ ጠፍቷል። እሷ ግን ቀኑን የምትይዘው በማርያም ነው። ወር በገባ በ21 እርሻ አይሠራም፤ ጤና ኬላ የምትሄደው ያን ቀን ነው። እናም በጣቷ መቁጠር ጀመረች።

«በሚያዝያ ማርያም ተወጋሁ። በሐምሌ ማርያም መሄድ ነበረብኝ፤ ወንዙ ሞላ። በነሐሴ ትንሹ ልጅ ታመመብኝ። ከዚያ በመስከረም፣ በግሸን ማርያም ዕለት ሄድኩ።»

እኔ ስልኬ ላይ ደመርኩት። ጳጉሜን ጨምሮ 155 ቀን። መርፌው የሚሰጠው ለ13 ሳምንት ነው፣ ማለት 91 ቀን። ቢዘገይም እስከ አራት ሳምንት ድረስ ያለ ችግር ይሰጣል። እሷ ከዘጠኝ ሳምንት በላይ ዘግይታለች። ልጁ ደግሞ የተወለደው በሰኔ ልደታ ነው። ወደ ኋላ ስንቆጥር የተፀነሰው በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። መርፌውን በተወጋች ጊዜ ልጁ ሆዷ ውስጥ ነበር።

ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ የወጋኝ ሰው ለምን አልጠየቀኝም?» አለችኝ።

ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያን ያህል ከዘገየች በኋላ እርግዝና እንደሌለ መጣራት ነበረበት። ያም ሆኖ መርፌው ልጁን አልጎዳውም፤ ጤነኛ ነው። እሷን ግን ወሬው ጎዳት። አማቷ «መድኃኒት አበዛሽ» አለቻት። ባሏ «ከእንግዲህ አይሠራልሽም» አላት። ለወራት ጥፋቱን የገዛ ሰውነቷ ላይ ጭና ከረመች።

ከዚያ በኋላ የማውቃቸውን ባለሙያዎች ሁሉ ጠየቅሁ። መልሳቸው አንድ ነው፤ ሰውነት አይለምደውም። ሆርሞኑ እንቁላል እንዳይወጣ ያደርጋል፣ በማኅፀን በር ያለውን ፈሳሽ ያወፍራል። ይህን በመጀመሪያው ዓመት እንደሚያደርገው በአሥረኛውም ያደርገዋል። የሚያልቀው የመድኃኒቱ ጊዜ ነው።

ክንድ ላይ የሚቀበረውን ውሰዱ። ባለ አንድ ዘንጉ ኢምፕላኖን ሲገባ ሰሞን በቀን ከ60 እስከ 70 ማይክሮግራም ሆርሞን ይለቃል። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ከ25 እስከ 30 ይደርሳል። ዘንጉ እየተሟጠጠ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ዓመት ነው። ባለ ሁለት ዘንጉ ጃዴል ደግሞ አምስት ዓመት ነው። እባካችሁ የጎረቤታችሁን ዓመት አትቁጠሩ። ክንዳችሁን ዳብሱት፤ አንድ ነው ሁለት? ስንተኛ ዓመቱ ነው?

በየቀኑ የሚዋጠው እንክብልም ያው ነው። ሳይዛነፍ ከተዋጠ በዓመት ከ100 ሴቶች አንዷ እንኳ አታረግዝም። ሰው በኑሮው እንደሚያደርገው አንዳንድ ቀን ሲረሳ ግን ሰባት ያህል ያረግዛሉ። በመርፌ አራት ያህል ናቸው። ልዩነቱን የሚያመጣው ወንዙ፣ የልጅ ሕመሙ፣ አጨዳው ነው።

አንድ ነገር ግን በእውነት ያዳክመዋል፤ ሌላ መድኃኒት። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ጉበት ሆርሞኑን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋሉ። እንክብሉንና የክንዱን ያዳክማሉ፤ የሦስት ወሩን መርፌ ግን አይነኩትም። ከእነዚህ አንዱን የምትወስድ እህት ካለች ለባለሙያው ትንገረው፤ ባይጠይቃትም ትንገረው።

«ማሳረፍ» የሚባለውንም ሳላነሳ አላልፍም። «ሁለት ዓመት ከወሰድሽ፣ ስድስት ወር ሰውነትሽን አሳርፊው» ይባላል። ስንቷ ናት በዚያ ዕረፍት ያረገዘችው! መድኃኒቱ ኃይሉን እንዳያጣ ተብሎ ማቋረጥ አያስፈልግም። መርፌ ያቆመች ሴት ለማርገዝ ወራት ሊፈጅባት ይችላል፣ ግን ቀኑን ማንም አያውቅላትም።

ይህን ሁሉ የምለው የእህቴ ብቻ ስላልሆነ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በአማራ ክልል ከ100 ያገቡ ሴቶች 47ቱ ዘመናዊ የወሊድ መቆጣጠሪያ ይጠቀሙ ነበር። በአገሪቱ ከሁሉም በላይ የሚወሰደውም መርፌ ነው። ስለዚህ በየመንደሩ በማርያም፣ በሚካኤል፣ በጊዮርጊስ የምትቆጥር ሴት አለች። ቆጠራው መጥፎ አይደለም። ከጥር ማርያም እስከ ሚያዝያ ማርያም ልክ 90 ቀን ነው።

እህቴ ከዚያ በኋላ ባለ ሁለት ዘንጉን አስቀበረች። የሚወጣበትን ቀን ትልቋ ልጇ በር መቃኑ ላይ በከሰል ጻፈችላት። ስምንተኛ ክፍል ናት። የምን ቀን እንደሆነም እናቷ ነግራታለች።