ሳህኑን የሚጠብቅ ውሻ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ተመልካቾች። ዛሬ ከደብረ ማርቆስ፣ ከቤታችን ጓሮ ሆኜ የምነግራችሁ በቅርቡ ከመንገድ አንሥተን ያስገባነው ውሻ፣ ነባሩ ውሻችን ወደ ሳህኑ ጠጋ ባለ ቁጥር ለምን እንደሚያጉረመርምና ምን እያደረግንለት እንደሆነ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል፤ የእኛው ግን ገና እየበላ ነው የሚጮኸው።

ይህን ጠባይ ለማስረዳት ከቆሎ ተማሪ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ጎጃም ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ ለምድ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያነገተ፣ ዱላ የያዘ ልጅ ከደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ዱላው ለማን እንደሆነ መቼም አልነግራችሁም፤ ለዚሁ ለዛሬው ባለጉዳያችን ነው። ሁለቱን በማነጻጸሬ የኔታዎች ይቅር ይበሉኝና፣ ያ ተማሪ ያገኘውን ቁራሽ ሁሉ በዚያው አይጨርስም፤ ነገ ደጁ ይከፈት አይከፈት አያውቅምና የተረፈውን ድርቆሽ አድርጎ ያኖራል። አንድ ቀን ዘመድ ቤት ሙሉ ሞሰብ ቢቀርብለት እንኳ እጁ ሳያስበው ወደ አኩፋዳው ይሄዳል። ይህን ስስት የሚል ሰው ችግር አልቀመሰም። አዲሱ ውሻችንም ያደገው በሥጋ ቤት ደጃፍ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋ ቤቱ ተዘግቶ አጥንት ይጠፋል፤ በፋሲካ ደግሞ ለአንድ አጥንት የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይሻማል። ሳህኑ ከእንግዲህ በየቀኑ እንደሚሞላ ማን ነገረው?

ብዙዎቻችሁ «ሲያጉረመርም ምታው፤ ሳህኑን ንጠቀውና ጌታው ማን እንደሆነ ይወቅ» ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። በአክብሮት እቃወማለሁ። ውሻው የሚፈራው መነጠቅን ነው፤ እናንተም ነጥቃችሁ ፍርሃቱ ልክ እንደነበረ ታረጋግጡለታላችሁ። ሲያጉረመርም የተመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተው ይሆናል፣ ፍርሃቱን ግን አይተውም፤ ስለዚህ በሌላ ቀን ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ማጉረምረሙ «እባክህ ራቅ በልልኝ» ማለቱ ነው፤ እኔስ ይህን ያህል ጨዋነት ከአንዳንድ ሰዎችም አላገኘሁም። ከተነከሳችሁ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፦ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ፣ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ስለሚያስፈልግ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ወደ ሥራው ስንመለስ፣ መደበኛውን ምግብ በመካከላቸው የተዘጋ በር አድርጋችሁ ለየብቻ አብሏቸው። ለልምምዱ ነባሩን በገመድ የሚይዝ ረዳት ያስፈልጋል፤ አዲሱ ሰውነቱ ሳይደርቅ፣ አፉን ሳያጣድፍና የዓይኑን ነጭ ሳያሳይ ሌላውን ማየት የሚችልበትን ርቀት ፈልጉ። ነባሩ ብቅ ሲል ለአዲሱ ትንንሽ የተቀቀለ ሥጋ ወርውሩለት፤ ሲሰወር አቁሙ። ቅደም ተከተሉ አይዛባ፦ መጀመሪያ ውሻው፣ ቀጥሎ ሥጋው። ውሻ ከምግብ ቀድሞ የሚመጣውን ነገር ባየ ቁጥር ምግብ መጠበቅ መልመዱ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሩሲያዊው ሳይንቲስት ፓቭሎቭ ያሳየው ነው፤ ሽልማቱን ያገኘው ግን ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ጥናት መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። አዲሱ ነባሩን ባየ ጊዜ ሥጋ ጠብቆ ወደ እናንተ ዞር ማለት ሲጀምር አንድ እርምጃ አቅርቡ፤ ካጉረመረመ ቸኩላችኋልና መልሳችሁ አርቁ። ጠባዩ በድንገት የመጣ ከሆነ ሕመም ሊኖርበት ስለሚችል አስቀድሞ የእንስሳት ሐኪም ይየው። የልምምዱን ቀጣይ ክፍል ለማየት ሰብስክራይብ አድርጉ፤ ለሥጋው መግዣም ሳይረዳን አይቀርም።

የእኛው ከ12 እርምጃ ተነሥቶ አሁን 4 ላይ ደርሷል። የፋሲካን አጥንት ግን አንዱ ከግቢው በር አጠገብ፣ ሌላው ከማድቤቱ ጀርባ ታስረው ለየብቻ ይበላሉ፤ ትርፍራፊው ከመሬት ተለቅሞ እስኪያልቅ ድረስም ማንኛቸውም አይፈቱም።